የሐሙሱ መርፌና የእሑዱ ምስክርነት

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

«ሄል ኹት» አልኩት። በደች በጣም ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለት ዓይኔ ተዘግቶ፣ የልጄን ክንድ ይዤ ከዴን ሃግ ሮተርዳም ድረስ በባቡር ተመርቼ ሄጄ፣ ሐኪሙ ፊት ስቀመጥ በጣም ደህና ነኝ አልኩት።

ስንመለስ ሩት ባቡር ውስጥ አላናገረችኝም። ልጄ ስትናደድ ዝም ነው የምትለው። ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ያለው ቤታችን ገብተን ካፖርቴን ስታወልቅልኝ ነው «ማሚ፣ ለምን ዋሸሽው?» ያለችኝ። አልዋሸሁም አልኳት። ከቦርሳዋ አንድ የትምህርት ደብተር አወጣች፣ የተጻፈባቸውን ገጾች ገነጠለችና ቀሪውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «በየቀኑ ዓይንሽ እንዴት እንደዋለ ጻፊ። ከጻፍሽው በኋላ ‹ኹት› ነበር ማለት አትችዪም።» አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንዳንዴ እሷ እናት እኔ ልጅ እንመስላለን።

እሺ፣ ይኸው እየጻፍኩ ነው። መስመር ላይ መስመር ከደረብኩ ጥፋቱ የዓይኔ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የወጋኝ ሐኪም በበጋው ጡረታ ወጣ። አዲሱ እስኪመደብ ቀጠሮዬ ከአንድ ወር በላይ ተገፋ። እኔ በየሦስት ወሩ ነው የምወጋው፣ እሱም አያደርሰኝም። መጠበቂያው ክፍል ስንደርስ የማየው የራሴን ጨለማ ብቻ ነበር። ስሜ ሲጠራ ግን ቀስ ብዬ መዝሙር ጀመርኩ። ስዘምር ይከፈታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ ሲያፏጭ፣ አንዳንዱ ቅንድቡን ሲነካ፣ እኔ ደግሞ ስዘምር ነው። እየዘመርኩ በሩን አለፍኩ፣ እየዘመርኩ ተቀመጥኩ፣ ሐኪሙ ቀና ሲል ያየው ሁለት የተከፈቱ ዓይኖች ነው።

ያለፈው መርፌ ስንት ጊዜ ያዘልሽ ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ወር አልኩ። እውነቱ ስምንት ሳምንት ነው። የዓይን ቆብሽ ይወድቃል ወይ አለኝ። አንዳንዴ ጥቂት አልኩ። እንግዲያው መጠኑን ትንሽ እንቀንሰው፣ ይበቃሻል አለ። እኔም «እሺ፣ ዳንክ ዩ» ብዬ ፊቴን ሰጠሁት።

አመስግኜ አነስ ያለ መርፌ ተወግቼ መጣሁ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ገና ነው። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ነው የሚሠራው። አትፍሪ ጽጌ።

ሩት ለሚያነበው ሰው እንዲገባ አድርገሽ ጻፊ ብላኛለች፤ ማን እንደሚያነበው ባላውቅም። ዓይኔ አልታመመም። ማየቱን ያያል። የዓይኔ ቆብ ነው በራሱ ፈቃድ የሚጨፈነው። ትእዛዙ ከአንጎል እንደሚመጣ ነግረውኛል። መጀመሪያ ብዙ ማርገብገብ ነበር፤ አቧራ፣ ድካም፣ የኔዘርላንድ ነፋስ አልኩት። ከዚያ ጥርቅም እያለ ይዘጋ ጀመር፣ በጣቴ ካልገለጥኩት አይከፈትም። ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ሩት ደግሞ ስምንት። የሚሰጡኝ መርፌ ሰው ፊቱን ለማስዋብ የሚወጋውን ነው። መርዝ ነው፤ በጥቂቱ ሲሰጥ ጡንቻውን ያደክመውና ዓይንን ይለቀዋል። ሦስት ወር ሲሞላው ይተናል፣ እንደገና መወጋት ነው።

አሁን ደግሞ ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ልጻፍ።

የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋሁት ሐሙስ ቀን ነበር። በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ዘይት ቀብተው ጸለዩልኝ። ጸሎቱ አልቆ ዝማሬ ሲጀመር አብሬ ዘመርኩ፤ ዓይኔም ተከፈተ። በቃ ተከፈተ። ሰው እልል አለ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ማይክ ሰጡኝና ጌታ ዓይኔን ፈታ ብዬ መሰከርኩ። በዚያ ሰዓት አልዋሸሁም፤ ከልቤ ነው የተናገርኩት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ሐኪሙ መድኃኒቱ ሥራ የሚጀምረው በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ነው አለኝ። ትራም ውስጥ በጣቴ ቆጠርኩ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ።

ለማንም አልነገርኩም። በየዓመቱ በምስጋና ቀን ይጠሩኛል፣ እነሣለሁ፣ እሑድን እናገራለሁ። ጌታ አልሠራም አልልም፤ እንዲህ ማለት አፌም አይችልም። ሐሙስን ግን ዘለልኩት። በየሦስት ወሩም ተደብቄ እወጋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ዛሬ የቻልኩት፦ ልብስ ማጠብ። ደረጃ መጥረግ። መዝሙር እያዜምኩ የሥራ መልእክቶቼን ማንበብ።

ያልቻልኩት፦ ገበያ። የሱቁ መብራት ገና በሩ ላይ ዓይኔን ጠረቀመው። ሩት ብቻዋን ገዛች፣ እኔ ውጭ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅኳት።

ፓስተር ደወለ። «እህት ጽጌ፣ የሚቀጥለው እሑድ የምስጋና ቀናችን ነው። እንደ ሁልጊዜው ባንቺ ምስክርነት ነው የምንከፍተው» አለኝ። «አሜን ፓስተር» አልኩት። ስልኩ ሲዘጋ ዓይኔም አብሮ ተዘጋ። እንዲህ ሲሆን የምስቅበት ቀን ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

በዓለም ላይ ከሰው እኩል የምሆንበት ሰዓት አለ፤ የጸሎት ሰዓት። ሁሉም ይጨፍናል። ሮተርዳም በምንከራየው አዳራሽ ውስጥ መቶ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆም የእኔን ማን ያየዋል? ከዚያ ዝማሬ ይከተላል፣ ይከፈታል። ስብከት ላይ አንገቴን ደፍቼ የማስተውል እመስላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ያልነቃብኝ በዚህ ነው።

አጠገቤ እትዬ አስካለ ተቀምጠዋል። ሰባ አልፏቸዋል፣ ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ አን ደን አይሰል ከተማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ስመጣ ቦታ ይዘው የሚጠብቁኝ እሳቸው ናቸው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ብዙ ጊዜ ጨፍነው አያቸዋለሁ። ሰው «እትዬ አስካለ ሁሌ ጸሎት ላይ ናቸው» ይላል። እኔ ግን ቅንድባቸው ወደ ታች ሲወርድ፣ ጉንጫቸው ሲሳብ አይቻለሁ። ያንን ፊት በመስታወት አውቀዋለሁ። በጸደይ አንድ ጊዜ ሐኪም አዩ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «እሄዳለሁ ልጄ» አሉኝ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ከዚያ በላይ ብጠይቅ እሳቸውም ይጠይቁኛላ።

ዛሬ አራተኛው ቀን ነበር። ምንም የለም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ሳልረሳው ልጻፈው።

ጠዋት ሥራ ሄድኩ። የቤት ለቤት እንክብካቤ ነው ሥራዬ፤ አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት አጥቤ፣ አልብሼ፣ ክኒናቸውን አቀብላለሁ። የክኒኑ ሳጥን ላይ ያለው የቀን ስም አልታይ አለኝ። ስዘምር አሮጊቷ ሳቁ፣ እኔም አነበብኩ። ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ሦስተኛ ጊዜ አረጋገጥኩ።

ስወጣ የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ነበር፣ አይቼዋለሁ። መሻገር ጀመርኩ። የትራሙ ሐዲድ ላይ ስደርስ ዓይኔ ጥርቅም አለ። ቆምኩ። ከየት በኩል እንደሆነ አላወቅኩም፣ የትራም ደወል ሰማሁ። ዘምሪ አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። በጣቴ ልገልጠው እንዳልል በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው ዣንጥላ ይዣለሁ፤ ሁለቱንም መጣል ለምን እንዳልታየኝ እንጃ። አንድ ሰው የካፖርቴን እጅጌ ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። ትራሙ ነፋሱን ፊቴ ላይ ጥሎብኝ አለፈ። ያዳነኝ ሰው በደች ተሳደበና ሄደ። መልኩን አላየሁትም። ሴት ትሁን ወንድ እንኳ አላውቅም።

ሥራ ቦታ ደውዬ ታምሜያለሁ አልኩ። ስንት ቀን ትቀሪያለሽ ሲሉኝ ደግሜ እደውላለሁ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ስድስተኛ ቀን። ቀኙ ተዘግቷል። ግራውም ተዘግቷል።

የምፈራውን ልዘርዝረው፣ ምናልባት ቢቀልልኝ። መድኃኒቱ ከእንግዲህ እንዳይሠራ ሆኖ ከሆነስ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መርዝ ያስገባሁበት ሰውነት ለምዶት ከሆነስ? ሥራዬን ብለቅስ? ሩት ትምህርቷን ትታ እኔን ስትመራ ብትኖርስ? ደግሞ ከሁሉ በላይ፦ ቅጣት ቢሆንስ? ያልሰጠኝን ዓይን ሰጠኝ ብዬ ስመሰክርበት ኖሬ፣ አሁን የእውነት ወስዶት ከሆነስ?

አልቀለለኝም።

ሩት ስልኳ ላይ ስለ መርፌው የተጻፈ አገኘችና አነበበችልኝ። አብዛኛው ሰው ለብዙ ዓመት እንደሚጠቅመው ይላል። አልፎ አልፎ ግን ሰውነት እንደሚለምደው ይላል። «ሄል ዘልደን ማሚ፣ በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚለው!» ብላ ሦስት ጊዜ ደገመችው። እኔ የሰማሁት ግን «ይለምዳል» የሚለውን ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ሆስፒታል ደወልኩ። ስልክ ያነሣችው ልጅ መርፌው አንዳንዴ ስለሚዘገይ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው አለችኝ። «ዓይኔ አይከፈትም» አልኳት። ስለው የመጀመሪያዬ ነው፤ የሌላ ሰው ድምፅ ነው የመሰለኝ። ሐኪሙ ዓርብ እንዲደውልልሽ አደርጋለሁ አለች።

ትንሽ ድል፦ ሽንኩርት ሳላይ ከተፍኩ። ጣቴ አሥሩም አለ፣ ዓይኔም አላነባም። ይህን ለሩት ስነግራት ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

እትዬ አስካለ ወደቁ።

ሜትሮ ጣቢያ ደረጃ ላይ ነው። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ከሩት ጋር ካፔለ ሄድን። በሩን ራሳቸው ከፈቱልን፤ ዓይናቸው ግን አልተከፈተም፣ በድምፃችን ነው የለዩን። እንድንቀመጥ አስገድደው ሻይ በአንድ እጃቸው ሊያፈሉልን ተነሡ። ሩት ከእጃቸው ቀማቻቸው።

«ደረጃው ጠፋብኝ» አሉ። «እያየሁት ሳለ ጠፋብኝ።»

እኔ ጠረጴዛውን አያለሁ፤ ማለቴ ፊቴን ወደ ጠረጴዛው አዙሬያለሁ። ሩት ግን እዚህ አገር ያደገች ናት፣ እርስዎ የሚባል ነገር አፏ ላይ የለም። «እትዬ፣ አንቺ ለምን ሐኪም ጋ አልሄድሽም?» አለች። አፈርኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«የሰፈሩ ሐኪምማ ወደ ዓይን ሐኪም ልኮኝ ነበር። ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ፣ ምልክት አድርጌዋለሁ። ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው እንጂ። እናትሽን ያለ ሐኪም የፈታ ጌታ እኔን ይረሳኛል? እየጠበቅኩ ነው።»

ሩት አየችኝ። አላየኋትም፣ ግን አየችኝ። ከሐኪሞቹ በቀር የምወጋ መሆኔን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ምስክርነቱ ላይ መርፌውን እንደማልጠቅስ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ዛሬም አላነሣችም። እኔም ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሻዩ ጣፋጭ ነው» አልኩ።

በሜትሮ ስንመለስ ሩት እጄን ይዛ «አንድ ቀን ከደረጃ ወድቃ ትሞታለች» አለችኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ሐኪሙ ደወለ። ሩት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ፋይልሽን እያየሁ ነው» አለ። «በየሦስት ወሩ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የተጻፈው። በጣም ደስተኛ፣ ምንም ችግር የለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም መጥፎ ቀን የለሽም።»

ይህን ሲል አንድ ነገር ገባኝ። እኔ እዚያም ስመሰክር ነው የኖርኩት። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ ማለት ነው የማውቀው። ሐኪምም ሲጠይቀኝ ያው ነው። ቅሬታ ማቅረብ ምስጋና ቢስ መሆን ይመስለኛል፤ ያውም በሰው አገር፣ ያውም ላዳነኝ ሰው። የቀድሞው ሐኪም ደግሞ ደስ ብሎት ይጽፈው ነበር። ሁለታችንም ስንሰነባበት በጣም ደስተኞች ነበርን።

«ደህና አይደለሁም» አልኩት። ይህን ደብተር አነሣሁ፤ ማንበብ አልቻልኩም፣ ግን የጻፍኩትን አውቀዋለሁ። ሰኞን ነገርኩት። ትራሙን። ስምንት ሳምንቱን ነገርኩት፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደሆነም። ሐሙስ ዕለት እየዘመርኩ እንደገባሁ ነገርኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ ሲጽፍ ይሰማኛል፤ ብዙ ጻፈ።

«ለምዶት ይሆን? ከእንግዲህ አይሠራም?» አልኩት።

እንደዚያ አይመስለኝም አለ። ከኔ በላይ ዘመን የሚወጉ ሰዎች አሉት፣ ዛሬም ይጠቅማቸዋል። ግን በሽታው እንደነበረ አይቆይም፤ መጠኑም የሚወጋበት ቦታም አብሮ መስተካከል አለበት፣ ለዚህ ደግሞ ሕመምተኛው መናገር አለበት። እኔ ደህና ነኝ ስላልኩ እሱ ቀነሰ፤ መጨመር ሲገባው። በሚቀጥለው ወደ ሽፋሽፍቱ ጠጋ አድርጌ እወጋሻለሁ፣ መጠኑንም እመልሰዋለሁ አለ።

«ዛሬ ነይ በለኝ» አልኩት። እንደ ልጅ ለመንኩት።

አይሆንም አለ። ሰውነትን የሚያለምደው እንዲያውም ቶሎ ቶሎ መወጋቱ ነው። ሁለት ሳምንቱም ገና አላለቀም፣ ትንሽ ሊመጣ ይችላል። ቀጠሮዬ የጃንዋሪ መጨረሻ ነው። አሥራ አንድ ሳምንት። «ሊመጣ ይችላል» አለ እንጂ «ይመጣል» አላለም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ነበርኩ። ነገ እሑድ ነው።

ፓስተር እንደገና ደውሎ አምስት ደቂቃ እንዳለኝ ነገረኝ። አሞኛል ብዬ ልቀር አሰብኩ። እውነትም አሞኛል። ግን ብቀር የአምናውን ምስክርነቴን ሌላ ሰው ይተርከዋል፣ እትዬ አስካለም ሰምተው ይጠብቃሉ።

ሩት ምን ልትዪ ነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። በእውነት አላውቅም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ሩት እስከ ማይኩ ድረስ መራችኝ። ሰው ጉልበቴን ያመመኝ መስሎት ይሆናል።

ዘምሬ ብጀምር ይከፈት ነበር። በየዓመቱ የማደርገው እሱን ነው፦ አንድ መዝሙር፣ ከዚያ የተከፈተ ዓይን፣ ከዚያ ምስክርነት። ዘማሪዎቹ ከኋላዬ ዜማውን ጀመሩልኝ። እጄን አንሥቼ አስቆምኳቸው።

«ወገኖቼ፣ ዓይኔን እያያችሁት ነው። ጸሎት ላይ አይደለሁም። ተዘግቶብኝ ነው» አልኩ።

ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እሑድ ጸልያችሁልኛል። እውነት ነው፣ ጸሎታችሁንም ከንቱ ነው አልልም። ከዚያ እሑድ በፊት የነበረውን ሐሙስ ግን አልነገርኳችሁም። ሐሙስ ሆስፒታል መርፌ ተወግቼ ነበር። ከዚያም ወዲህ በየሦስት ወሩ እወጋለሁ። ዓይኔን የያዘው እሱ ነው። አሁን ደግሞ በደንብ አልሠራልኝም፣ እፈራለሁ። ሌላ ምስክርነት የለኝም።»

ከኋላ አንድ ሰው «ጌታ ሆይ» አለ፤ ሐዘን ይሁን ቁጣ አልለየሁትም። እልልታ የለም። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ሰው የወጣ መሰለኝ። ፓስተር ማይኩን ከእጄ ተቀበለ። ከዚያ «እንጸልይ» አለ፤ ሁሉም ጨፈነ። አሥራ አንድ ዓመት የተሸሸግኩበት ሰዓት ነው። ዛሬ ግን እዚያ መሃል ላይ ቆሜ የተጋለጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወደ ቦታዬ ስመለስ እትዬ አስካለ አልተንቀሳቀሱልኝም። የተቆጡ መሰለኝ። ጸሎቱ መሃል ላይ ጠጋ ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ።

«መርፌው ያማል?»

«ያማል እትዬ። ጥቂት ነው።»

«እህ» አሉ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ፓስተር ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። «ለምን አስቀድመሽ ለኔ አልነገርሽኝም?» አለ። ፈርቼ አልኩት። «እኔ ያንን ምስክርነት ስንት ቦታ ነግሬዋለሁ መሰለሽ» አለና ሄደ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፣ ተቆጥቶ ይሂድ አዝኖ አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ እህቶች ሁለቱ ሳይሰናበቱኝ ወጡ። ሩት ብቻ ባቡር ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

አሥራ ሁለተኛ ቀን። ጠዋት የሱቅ ማስታወቂያ ወረቀት በሩ ሥር ወድቆ አገኘሁና ቆሜ አነበብኩት። የሥጋ ዋጋ፣ የሳሙና ዋጋ፣ ከላይ እስከ ታች። ከግማሽ በላይ ካነበብኩ በኋላ ነው አለመዘመሬ የታወቀኝ።

ግራው ነው። ቀኙ አሁንም ጥርቅም ይላል፣ ግራው ግን ይይዛል። ተደሰትኩ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። በተናዘዝኩ ማግስት! አሁን ይህን ማን ያምነኛል? አሁንም አንድ ሰው ተነሥቶ ሊመሰክርበት ነው። ደብተሩን ከፍቼ ቆጠርኩ፤ ሁለት ሳምንት አልሞላውም፣ ሐኪሙ እንዳለው ትንሽ መጣ። ነገ ሊዘጋ ይችላል። እስከ ጃንዋሪ በዚህ መኖሬንም እንጃ።

እትዬ አስካለ ደወሉ። «ተከፈተ?»

«ግማሹ ተከፈተ እትዬ።»

«አየሽ! እውነቱን ስታወጪ ፈታሽ።»

«እትዬ፣ መርፌው ነው። ዘግይቶ ነው የመጣው።»

«ይሁና፣ እንዳልሽ ይሁን። ነይ በያ፣ ይህን ወረቀት አንብቢልኝ።»

ሩት ትምህርት ቤት ናት። ብቻዬን ሄድኩ። ትራም፣ ባቡር፣ ሜትሮ። ከመሻገሬ በፊት ቆሜ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ሁለት እጄን ባዶ አድርጌ። ፈርቻለሁ፣ ግን ደረስኩ።

ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ብዙ ወር ተኝቶ ልስልስ ብሏል። የስልክ ቁጥሩ ደቃቅ ነው፣ ግራ ዓይኔ ደከመ፣ መጨፈን ጀመረ። ስለዚህ ዘመርኩት። ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ በምናውቀው የእሑድ ዜማ፤ እሳቸው በደኅነኛ እጃቸው እየዳበሱ ትልልቆቹን የስልክ ቁልፎች ይጫናሉ። «ስልክ ቁጥር ሲዘመር ዛሬ ሰማሁ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩና አንድ ቁጥር ዘለልኩ፤ እንደገና ጀመርን።

የሆስፒታሉ ስልክ ተቀባይ ልጅ አነሣች። ስማቸውንና የትውልድ ቀናቸውን ሰጡ፣ የተማሩትን ደች ሁሉ ተጠቅመው። ከዚያ ዓይንዎ እንዴት ነው፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት ብላ ጠየቀቻቸው።

«ኹት» አሉ እትዬ አስካለ ወዲያው። «ሄል...»

እጄን እጃቸው ላይ አደረግኩ።

ልጅቷ «ሃሎ?» አለች። ፊታቸው ተጨማደደ፣ ቅንድባቸው ወረደ፣ ከተዘጋው ዓይናቸው እንባ ወጣ።

«ኒት ኹት» አሉ። «ደህና አይደለሁም በያት ጽጌ። እንደማላይ ንገሪያት።»